ልጓም የጎረሰች ከተማ

በደብረ ብርሃን ማለዳ ሰው ከሰው ሲገናኝ «እንዴት አደርሽ?» መባባል ከቀረ ቆይቷል። አሁን የሚባለው «ጎረስሽ?» ነው። መልሱም አንድ ነው፤ «ጎርሻለሁ።» ከዚያ ሁሉም ወደየሥራው ይሄዳል። ድሮ ሰው የልጁን፣ የላሙን፣ የጎረቤቱን የጉልበት ሕመም ሳይቀር እየጠየቀ፣ ያ የደብረ ብርሃን ውርጭ አጥንቱን እስኪሰብረው መንገድ ላይ ይቆም ነበር አሉ። የትኩረት ቢሮ ያንን ሁሉ ጊዜ ሰብስቦ ለሥራ አውሎታል። ቢሮው ሲናገር አይቸኩልም፣ አይቆጣምም። «ቀላል ልማድ ነው» ይላል። «ጠዋት አንዴ ብቻ።»

በእርግጥም ቀላል ነው። ምስር የምታህል ፍሬ ከምላስ ሥር ይደረጋል። ቀጥ ብሎ መቀመጥ ነው። የዕለቱን ሥራ ሦስት ጊዜ መጥራት ነው። ፍሬዋ ስትሟሟ ሌላው ነገር፣ ጫጫታውም፣ ሐሳቡም፣ ረሃቡም ከዓይንና ከጆሮ ቀስ እያለ ይርቃል። እስከ ማታ የሚታየው ያ የተጠራው አንድ ነገር ነው። ሕዝቡ ስሙን ልጓም አለው፤ ቢሮውም ስሙን ወደደው። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» የሚለው ተረት ከትምህርት ቤት መጻሕፍት ወጥቷል፤ ሐሳብ ይከፋፍላል ተብሎ።

እታፈራሁ ወንድይራድ ልጓም መጉረስ ከጀመረች ዓመታት አልፈዋል። ሥራዋ በአንድ ትልቅ አዳራሽ ተቀምጦ ሐዲድ ማየት ነው። ከሞምባሳ፣ ከካርቱም፣ ስሙን ከማታውቀው በረሃ የሚመጣ የባቡር ሐዲድ ምስል ፊት ለፊቷ ሲፈስ ይውላል፤ እሷ ስንጥቅ ትፈልጋለች። ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ብታመልጣት የሆነ አገር ባቡር ይገለበጣል። ስለዚህ ማለዳ ማለዳ መስኮቱ ሥር ቁጭ ትልና «ሐዲድ፣ ሐዲድ፣ ሐዲድ» ትላለች።

«እኔን እንዲህ አድርገሽ አንድ ቀን እንኳ በጠራሽኝ» ይላሉ አባቷ፣ ከኋላዋ ሻይ እያማሰሉ።

ጋሽ ወንድይራድ ከእሷ ጋር ይኖራሉ። ዕድሜያቸውን የፈጁት የደሴ መስመር አውቶቡስ ሲነዱ ነው፤ የጣርማ በርን ጉም እየሰነጠቁ። ጡረተኛ ልጓም አይጎርስም፤ ምን ሊያተኩርበት? እሷ በቀልዳቸው ፈገግ ትላለች። ፈገግታዋ ሳያልቅ ፍሬዋ ትሟሟለች፤ የማንኪያው ድምፅ ይርቃል፤ አባቷም አብረው ይርቃሉ።

ነገሩ የጀመረው በሐምሌ ነው። አንድ ማታ ልጓሙ ሲፈታት አባቷን አልጋ ላይ አገኘቻቸው፤ ጉልበታቸው በጨርቅ ተጠቅልሏል፤ ግንባራቸው ተልጧል።

«ምን ሆነው ነው አባዬ?»

«ወደቅሁ።»

«መቼ?»

«ጠዋት፣ አንቺ ስትወጪ። ደፉ ረጥቦ ነበር፣ አንሸራተተኝ። መነሳት አቃተኝና እዚያው በሩ ላይ ተጋደምኩ።» ከንፈራቸው ላይ ሳቅ መጣ። «ከዚያ አንቺ መጣሽ። እግርሽን ከፍ አደረግሽ፣ ተራምደሽኝ አለፍሽ። እንግዲህ ማደጌ ቀረ!»

ሕፃን ሲራመዱት አያድግም ይባላልና ቀልዱ ገብቷታል። መሳቅ ግን አልቻለችም። አባቷን ተራምዳ ሄደች። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ጥሩወርቅ ባይደርሱ ኖሮ እዚያው ቀዝቃዛ ሲሚንቶ ላይ ይውሉ ነበር።

ያን ጠዋት ለማስታወስ ሞከረች። በሩን አስታወሰች፤ ዝናቡን አስታወሰች። መሬት ላይ የተጋደመ ሰው ግን በትዝታዋ ውስጥ የለም። ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ደፉን ስታልፍ እግሯ ከወትሮው ከፍ ብሎ ነበር። እግሯ ያውቅ ነበር ማለት ነው። ለእሷ የነገራት የለም።

በማግስቱ የትኩረት ቢሮ ሄደች። አማካሪዋ ብሌን የምትባል ፈገግታ የማይጎድላት ልጅ ናት።

«አባትሽን? በር ላይ? ሳታዪ?» አለች ብሌን፣ ዓይኗ በደስታ እየበራ። «ይሄማ ሙሉ ልጓም ነው! እንኳን ደስ አለሽ! ስንቱ የሚመኘው ደረጃ መሰለሽ?»

«ቢሞቱስ ኖሮ?»

«አልሞቱማ።»

«ፍሬዋን ባቆምስ?»

«ማን ያስገድድሻል? በአገራችን ማንም አይገደድም። የአውቶቡሱ በር ትንፋሽሽ ላይ ፍሬዋን ካላሸተተ አይከፍትልሽም እንጂ፤ አዳራሹም እንደዚያው። ደግሞ ፍሬዋን ምን አስጨነቀሽ? ፍሬዋ እስክትለምጂ ድረስ ናት። ዋናው ልማዱ ነው።»

እታፈራሁ ወጥታ ሄደች። ፍርሃቷ ግን አብሯት ሄደ፤ አብሯትም አደገ። ድሮ ማታ ከአውቶቡስ ስትወርድ የሚፈታት ልጓም አሁን ቤት እስክትደርስ ይይዛት ጀመር። ቆየና ራት እስኪቀርብ ሆነ። አንድ ማታ ጠረጴዛ ላይ ዳቦው ሲቆረስ አየች፤ የሚቆርሰውን እጅ ያየችው ግን ቆይታ ነው። አባቷ ለካ እያወሯት ነበር። አንድ ቀን እጁም ላይታያት ነው። አባቷ እዚሁ ቤት፣ እዚሁ አጠገቧ እያሉ ሊጠፉባት ነው። ይህን ፈራች፤ ከሞት ይልቅ ፈራችው። ሞትስ ለቅሶ አለው።

ፍርሃቷን ስትነግራቸው ጋሽ ወንድይራድ ብዙ አሰቡ።

«እኔ አላፊ ሆኜ ልቀጠር» አሉ በመጨረሻ።

አላፊ ማለት ምን ማለት እንደሆነ በከተማው የማያውቅ የለም። ቢሮው በዚህ አገር የሰውን ትኩረት የሚሰብረውን ነገር ሁሉ አንድ በአንድ ሲያጠና ስልክን አሸነፈ፣ ወሬን አሸነፈ፣ ረሃብን እንኳ አሸነፈ። ያቃተው ሽማግሌ ነው። ልጓም የጎረሰ ሠራተኛ ሽማግሌ በር ላይ ብቅ ሲል፣ ሳያይና ሳይሰማ፣ መቀመጫው ከወንበሩ ከፍ ይላል፤ «ኖር!» ሊል። ከውጭ የመጡት ባለሙያዎች ይህን ሲያዩ መጀመሪያ ወንበሮቹ የተበላሹ መስሏቸው ነበር። ሲገባቸው ግን መድኃኒቱ ቀላል ሆነ፤ ሽማግሌዎችን መቅጠር። ግርማ ሞገስ ያላቸው፣ ጋቢና ከዘራ የሚያምርባቸው አዛውንት በየአዳራሹ እየገቡ በወንበሮቹ መካከል ያልፋሉ። ቆም ይላሉ፣ ይስላሉ፣ ከዘራቸውን መሬት ላይ ያንኳኳሉ። መናገር ክልክል ነው፤ መንካትም ክልክል ነው። የተነሳን ሰው ወንበሩ ያውቀዋል፤ አረንጓዴዋ መብራት ትቀላለች። ደጋግሞ የተነሳ ከሥራው ይሰናበታል። እንዲህ እያለ ሰዉ ለሽማግሌ መነሳቱን ተወ። ቆይቶም ሽማግሌ መኖሩን ረሳ።

«እናንተ አዳራሽ እገባለሁ» አሉ ጋሽ ወንድይራድ። «አጠገብሽ እቆማለሁ። ከተነሳሽልኝ በውስጥሽ አለሁ ማለት ነው። ያን ጊዜ ሁለታችንም እፎይ ብለን እንተኛለን።»

«ካልተነሳሁስ?»

«ለአባትሽማ ትነሻለሽ። ሹፌር መንገዱን ብቻ ካየ ገደል ይገባል። መስታወቱን ያያል፣ ተሳፋሪውን ያያል፣ ጥግ የቆመችውንም አህያ ያያል። አንቺ የሹፌር ልጅ ነሽ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ማታ ማታ መለማመድ ያዙ። እሳቸው ወደ ውጭ ይወጣሉ፤ እሷ ወንበር ላይ ትቀመጣለች። በሩን ከፍተው ይገባሉ፤ እሷ ብድግ ትላለች። «ኖር!» ትላለች። «ደግመሽ!» ይላሉ እሳቸው እንደ አሠልጣኝ፤ እንደገና ይወጣሉ። እግራቸው እያነከሰም ቢሆን አይታክቱም። አንዳንዴ ሳቅ ይይዛቸዋል፤ ወይዘሮ ጥሩወርቅ በግድግዳው ማዶ ሆነው «ምን ሆናችኋል፣ እናንተ ሰዎች?» እያሉ ይጮሃሉ። ቢሮው ልማድ ካስያዛት፣ እሷም የራሷን ልማድ ትይዛለች። በልቧ ተስፋ ገባ።

ጋሽ ወንድይራድ ተቀጠሩ። የአውቶቡስ ሹፌር ግርማ አያጣም፤ ጋቢያቸውም ያምር ነበር።

«ዛሬስ?» ትላለች ማታ፣ ልጓሙ ሲፈታት።

«ዛሬ ወደ እናንተ አልመደቡኝም፤ ጨርቃ ጨርቁ ጋ ነበርኩ።»

«ዛሬስ?»

«ብርጭቆ ፋብሪካው። አንዲት ልጅ ብድግ አለችልኝ መሰለሽ! ወንበሯን ልትሰጠኝ! አሳዘነችኝ፣ መብራቷ ቀላባት።»

«ዛሬስ፣ አባዬ?»

«ዛሬም አይደለም። ነገ ይሆናል።»

መስከረም አለፈ። ጋሽ ወንድይራድ ከራታቸው እያተረፉ መነሳት አበዙ። ጨዋታቸው ግን አልቀነሰም፤ እንዲያውም ጨመረ። እሷም ሥራው አድክሟቸው ነው አለች።

በጥቅምት አንድ ከሰዓት የአዳራሹ ኃላፊ ልሳኑ ወደ ቢሮው አስጠራት። ለሽልማት ሲጠሩ ልጓሙን የሚያላላ ጠብታ ይሰጣል፤ ሰው የሚነገረውን እንዲሰማ። ልሳኑ ቆሞ ተቀበላት፤ እጇን በሁለት እጁ ጨበጠ።

«እህቴ እታፈራሁ፣ አኮራሽን» አለ። «በዚህ አዳራሽ የአባት ፈተናን ያለ አንዲት ንቅናቄ ያለፈ ሰው የለም። አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ።»

«የምን ፈተና?»

«የገዛ አባትሽ አላፊ እንዲሆኑ ያመለከቱ ጊዜ አጋጣሚው አስደሰተን። ሌላ ቦታ አልመደብናቸውም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከአንቺ አዳራሽ ወጥተው አያውቁም።»

እታፈራሁ ያለችበት ጠፋት። ልሳኑ ምስሉን ግድግዳው ላይ አበራው። እሷ ወንበሯ ላይ ተቀምጣለች፤ ዓይኗ ሐዲዱ ላይ ነው። አባቷ አጠገቧ ቆመዋል። ባርኔጣቸውን አውልቀው ይዘዋል። ይስላሉ። ይጠብቃሉ። ከዘራቸውን ያንኳኳሉ። ይጠብቃሉ። ምስሉ ይለወጣል፤ ሌላ ቀን ነው፤ ጋቢው ያው ነው፤ አባቷ ያው ናቸው። በአንደኛው ላይ አጎንብሰው የወደቀ ነጠላዋን ከመሬት አንስተው ትከሻዋ ላይ ያደርጉላታል። በአንደኛው ላይ ዝም ብለው ፊቷን ያያሉ፤ ደሴ አውቶቡስ ተራ የሸኙትን ሰው መኪናው እስኪርቅ እንደሚያዩት።

«መንካት ክልክል ነበር» አለ ልሳኑ። «ግን ፈተናውን አከበደልን እንጂ አልጎዳንም። አየሽ? ቅንድብሽ እንኳ አልተንቀሳቀሰም።»

የዚያን ዕለት ማታ እታፈራሁ ቤት ስትገባ ካፖርቷን አላወለቀችም።

«ለምን ዋሹኝ፣ አባዬ?»

ጋሽ ወንድይራድ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ምን ማለቷ እንደሆነ ሳይጠይቁ ገባቸው።

«በመጀመሪያው ቀን ልነግርሽ ነበር» አሉ። «ፊትሽን ሳየው ግን አቃተኝ። 'ዛሬስ?' ስትይ ዓይንሽ እንደ ልጅነትሽ ይሆናል። ነገ ትነሳለች አልኩ። በማግስቱም ነገ አልኩ። ደግሞ ውሸት ምን ያደርጋል፣ ለራሴም ብዬ ነው። ቀኑን ሙሉ አጠገብሽ መዋል ነበር። ባታዪኝም አይሽ ነበር።»

እታፈራሁ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ጉልበታቸውን አቅፋ አለቀሰች። ፈራሁ አለቻቸው። ራሴን ፈራሁት አለቻቸው። እሳቸውም ፀጉሯን እየደባበሱ «አይዞሽ» አሏት።

«ነገ ይምጡ» አለች ቆይታ፣ ዓይኗን እየጠረገች። «ፍሬዋን አልጎርስም።»

«ከተነሳሽ እኮ መብራቱ…»

«ይቅላ! ያባሩኝ! የፍሬዋ ሥራ እንጂ የእኔ አይደለም፣ አባዬ። ያለ እሷ አይዎታለሁ።»

በማግስቱ ፍሬዋን ሽታዋን በማያፍን ስስ ሰም ጠቅልላ ጉንጯ ውስጥ ደበቀቻት። የአውቶቡሱ በር አሸተታትና ከፈተላት። የአዳራሹም በር እንዲሁ። ወንበሯ ጋ ስትደርስ ሸሽጋ መሐረቧ ውስጥ ተፋቻት። ሰሙ አልተነካም ነበር።

ቀና ብላ አየች። በስንት ዓመቷ አዳራሹን አየችው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ወንበር ነው፤ በየወንበሩ ላይ ዓይኑ ያልተርገበገበ ሰው አለ። አንዱ አፍንጫው እየደማ ነው፤ ደሙ ከአገጩ ሸሚዙ ላይ ይንጠባጠባል፤ እጁ ግን ሥራውን አላቋረጠም። በወንበሮቹ መካከል ደግሞ ሽማግሌዎች አሉ። ብዙ ናቸው። አጠገቧ ይህን ያህል ሰው ሲመላለስ ኖሯል። አንዲት አሮጊት ከአንድ ወጣት ወንበር አጠገብ ቆመው አይሄዱም፤ ሌሎቹ ያልፋሉ፣ እሳቸው አያልፉም። እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ የልጁን የማጅራት ፀጉር ያያሉ። የማን እናት እንደሆኑ ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለጋትም። እታፈራሁ ጩኸቷን በጥርሷ ያዘችው።

ከዚያ በሩ ተከፈተና አባቷ ገቡ።

አየቻቸው! ጋቢውን አየች፣ ከዘራውን አየች፣ የሸሚዛቸው ቁልፍ አለቦታው መቆለፉን ሳይቀር አየች። የሚያነክሰውን እግር አየች፤ ያንን የተራመደችውን። ዓይን ለዓይን ተገናኙ። ጋሽ ወንድይራድ በቆሙበት ፊታቸው በራ። እርምጃቸውን አፈጠኑ፤ አጠገቧ ደርሰው ቆሙ። አልሳሉም፤ ከዘራቸውንም አላንኳኩም። ምን ያደርግላቸዋል? ልጃቸው አይታቸዋለች።

ተነሺ፣ አለች እታፈራሁ ለራሷ።

ጉልበቷ አልሰማትም።

ተነሺ! እጇን ጠረጴዛው ላይ ልትደግፍ አሰበች፤ እጇ ግን ሥራው ላይ ነው። ከወገቧ በታች ያለው አካሏ የወንበሩ እንጂ የእሷ አይደለም። ፍሬዋ መሐረቧ ውስጥ ናት፤ ሰሙ አልተነካም፤ ምላሷ ላይ ምንም የለም። የሚይዛት ማንም የለም። ላብ ጀርባዋን አጠባት። «ኖር» የሚለው ቃል ጉሮሮዋ ድረስ መጥቶ እዚያው ቀረ። መብራቷ አረንጓዴ እንደሆነች ናት። እታፈራሁ አባቷን በዓይኗ ለመነቻቸው፤ ዓይኗም ቢሆን እየከዳት፣ በግድ እየተሳበ ወደ ሐዲዱ መዞር ጀምሯል።

ጋሽ ወንድይራድ ጠበቁ። ፊታቸው ላይ የነበረው ብርሃን ቀስ እያለ ጠፋ፤ ነገሩ ገባቸው። አጎነበሱ። እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አድርገው፣ ብድግ ያለን ሰው ወደ ወንበሩ እንደሚመልስ ሰው ቀስ ብለው ወደ ታች ጫን አደረጓት። ከዚያ አላፊ የማይናገርበት አዳራሽ ውስጥ፣ ሁሉ እንዲሰማ፣ ጮክ ብለው ተናገሩ።

«በእግዜር፣ በእግዜር! ተቀመጪ ልጄ። አትነሺብኝ።»

ሁለት ዘበኞች መጥተው ብብታቸውን ይዘው ወሰዷቸው። ከዘራቸው ወድቆ ሲንከባለል ከአዳራሹ ሁሉ አንድም ራስ አልዞረም። እታፈራሁ የከዘራውን ድምፅ ሰማች፤ አባቷ በሩ ላይ ሲደናቀፉም ሰማች። ፊት ለፊቷ ከሩቅ አገር የመጣ ሐዲድ ይፈስሳል። ጥግ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ብቅ አለች፤ እጇ ሄዶ ምልክት አደረገባት። በዚያን ቀን አንዲትም ስንጥቅ አላመለጠቻትም።